ከጡንቻው መሀል ያየችው

ፖስታው መጣ፤ ወረቀቷ ግን ውስጡ አልነበረም።

ሰውየው ፖስታውን ገልብጦ አራገፈው። የወደቀው የቀጠሮ ካርድ ብቻ ነው። «ተሳታፊ ቁጥር አሥራ ሰባት። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ።» ጽሕፈቱም የሷ አይደለም። የሷ ፊደል ትንንሽና ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ይኼኛው ቀጥ ያለ፣ ሰፋፊ፣ በራሱ የሚተማመን ሰው ጽሕፈት ነው። የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም፤ አፍንጫው ነገረው። ካርዱ ሽቶ ሽቶ ይላል።

«እሱ ነው» አለ ብቻውን። «በሷ ፋንታ ይጽፍልኝ ጀመር።»

የሥራ ጓደኞቹ ውሃ ልክ ይሉታል። ሴራሚክ ሠሪ ነው። ከኪሱ የማትለይ ትንሽ ውሃ ልክ አለችው፤ ደግሞም ራሱ ነገር ሲንሻፈፍ አይወድም፣ ያየውን ፊት ለፊት ይናገራል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ካርቶን ሴራሚክ ትከሻው ላይ አድርጎ አራት ፎቅ ሳያርፍ የሚወጣ ሰው። እሷ ደግሞ ሐኪም ናት፤ የሐኪም ልጅ፣ የሐኪም እህት።

የተገናኙት የሆስፒታሉ አዲሱ የምስል ምርመራ ክፍል ወለል ሲነጠፍ ነው። ገና ባልደረቀ ሴራሚክ ላይ ተረከዙ ከፍ ባለ ጫማ ስትገባ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እግርሽን አንሺ! ሁለት ቀን ጎንብሼ የሠራሁትን በሁለት ደቂቃ ልትጨርሺው ነው?» ብሎ ጮኸባት። ክፍሉ የሚሠራው ለሷ ጥናት መሆኑን የነገረው አልነበረም። እሷም አልነገረችውም። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና እየሳቀች ለመረማመጃ በተዘረጋው ጣውላ ላይ ወደ መጣችበት ተመለሰች። ውሃ ልክ በዚያ ቀን ቤቱ የገባው ያን ሳቅ ይዞ ነው።

ሥራው ሳያልቅ ሻይ አብረው መጠጣት ጀመሩ። በሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ስለ ጥናቷ ነገረችው።

«ስብ ሆድ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ይመስልሃል አይደል? ጡንቻም ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ በጡንቻና በጡንቻ መሀል፣ ከዚያ ራሱ ጡንቻው ውስጥ። ከውጭ አይታይም፤ ሚዛንም አይነግርህም። ደማችን ውስጥ ያለውን ስኳር አብዛኛውን የሚወስደው ደግሞ ጡንቻ ነው። ስብ ሲበዛበት ኢንሱሊን በሩን ቢያንኳኳም ቶሎ አይከፍትም።»

«እንደ ቤት አከራዬ በይኛ!»

ሻዩ በአፍንጫዋ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። «ግን ሁሉም ስብ አንድ አይደለም» አለች ሳቋን ስትጨርስ። «ረጅም ርቀት የሚሮጡ ሰዎችም ጡንቻቸው ውስጥ ስብ አለ፤ እነሱ እንደ ነዳጅ ያቃጥሉታል። እኔ የምፈልገው የማን ስብ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ፣ የማን ወደ ስኳር በሽታ እንደሚወስድ በምስል መለየት ነው። ለማነጻጸር ታዲያ ጤነኛ፣ ቀጭን፣ የጉልበት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ያስፈልጉኛል።»

ውሃ ልክ እናቱን አሰበ። ስኳር መጀመሪያ ዓይኗን፣ ኋላም ራሷን ነው የወሰዳት። «እኔን ጻፊኝ» አለ። ለእናቱ ብሎ ነበር። ግማሹ ግን እውነቱን ለመናገር ልጅቷን ለማየት ነው።

ከተመዘገበ በኋላ ነገሩ ከበደ። ጥናቱ ሕግ አለው፤ ተመራማሪ ከተሳታፊ ጋር ከቀጠሮ ውጭ አይገናኝም፣ አይደዋወልም። ስለዚህ ፍቅራቸው ሁለት መንገድ ብቻ ቀረው። አንዱ በማሽኑ ክፍልና በመቆጣጠሪያው ክፍል መሀል ያለው ወፍራም መስተዋት ነው፤ እሱ ተጋድሞ ቀና ሲል እሷ ከመስተዋቱ ወዲያ ሆና ታየዋለች፤ ከዚያ ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሌላው በቀጠሮው ፖስታ ውስጥ የምታስገባት ትንሽ ወረቀት ናት። «ዛሬ ማሽኑ ውስጥ እግርህ ተንቀሳቀሰ። እየሳቅክ ነበር አይደል?» ይላል የመጀመሪያው። እሱም መልሱን በሴራሚክ ካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ ጽፎ በሚሞላው ቅጽ መሀል ይሸጉጥላታል። አራት ፖስታ፣ አራት ወረቀት። የመጨረሻው «ጥናቱ ይለቅ እንጂ እናቴ ቤት እወስድሃለሁ» ይል ነበር።

እናቷን ግን ከዚያ በፊት አያቸው። ከአራተኛው ምርመራ ሲወጣ በር ላይ ድንገት ተገጣጠሙ፤ እናትየው ልጃቸውን ሊወስዱ በመኪና መጥተዋል። ሲሚንቶ የለበሰ ጫማውን ካዩ በኋላ ወደ ፊቱ ቀና አሉና «እኚህ ማን ናቸው?» አሉ።

«ከጥናታችን ተሳታፊዎች አንዱ ናቸው» አለች ዶክተሯ።

ናቸው! ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። በአንድ አንቱታ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ አሻግራ አስቀመጠችው። በመኪናው የኋላ ወንበር ደግሞ አንድ መልከ መልካም ሰው እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ነው፤ ምስሎቹን ከሷ ጋር የሚያነበው፣ ወላጆቹ ከወላጆቿ ጋር የሚጠያየቁ፣ ካለፈ በኋላ እንኳ ኮሪደሩ ሙሉ ጠዋት የሚሸተው። ውሃ ልክ በልቡ ስም አውጥቶለታል፤ ሽቶ ይለዋል።

እናም ወረቀት የሌለው ፖስታ የመጣው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

*

ሐሙስ በባዶ ሆዱ ሄደ። ነርሷ እስክትጠራው ድረስ ኮሪደሩ ላይ መቀመጥ ሲገባው እግሩ ወደ ምስል ማንበቢያው ክፍል ወሰደው። በሩ ገርበብ ብሏል። መብራቱ ጠፍቶ የስክሪኑ ብርሃን ብቻ ሁለት ሰዎች ላይ ያርፋል።

ወለሉን የሠራው እሱ ነው። ወንበሮቹ የትኛው ሴራሚክ ላይ እንደሚያርፉ ያውቃል። ድሮ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ሁለት ሙሉ ሴራሚክ ነበር። ዛሬ ግማሽም የለም።

«አሥራ ሰባትን ከእንግዲህ እኔ ልይዘው አልችልም» ስትል ሰማት። ድምጿ ሰልሏል።

«ነግረሽዋል?» አለ ሽቶ።

«የት አባቴ! ሦስቴ ጻፍኩ፣ ሦስቴ ቀደድኩት። ፊቱን ሳስበው እጄ አልታዘዝ ይለኛል።»

«እንግዲያው ተዪው፤ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ምንም አልጠረጠረም እኮ።»

«ቶሎ ቢያውቅ ነው የሚሻለው። አንቺም ይቀልሻል።»

የሽቶ እጅ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ውሃ ልክ በበሩ ክፍተት አየ። እጁን አላራቀችውም። ቀስ ብላ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች፤ እጁም አብሯት ወረደ።

ውሃ ልክ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ከኋላው ነርሷ «ቁጥር አሥራ ሰባት! አሥራ ሰባት የለም?» እያለች ስትጣራ ይሰማዋል። የሚጠራው ሌላ ሰው ይመስል ዞሮ አላየም። ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር ንዴት ቢሆን በቻለው። ንዴት አልነበረም፤ ያቺ እጅ አሁንም ከዚያ አልተነሣች ይሆን እያለ ማሰብ ነው።

*

በማግሥቱ ሥራ ላይ አንድ ሙሉ ረድፍ አጣሞ ሠራ። አጠገቡ ግድግዳ የሚለስነው ጓደኛው ጠጋ ብሎ አየና፣ «ውሃ ልክ፣ ዛሬ ውሃህ ፈሷል እንዴ?» አለው። ማንም አልሳቀም። ውሃ ልክ ረድፉን ነቅሎ እንደገና ጀመረ። እንደገናም ጠመመበት።

ስልኩ ከሆስፒታሉ በቀን ሁለቴ ይጠራል፤ አያነሣም። «ሊነግረኝ ነው» ይላል በልቡ። «ያ ለስላሳ ድምፁን አውጥቶ፣ እርስዎ እያለ፣ ልጅቷን ይተዋት ሊለኝ ነው።» ቅናት እንዲህ ያለ ሥራ ፈት መሆኑን አያውቅም ነበር። አይበላ፣ አይተኛ፤ ተቀምጦ ነገር ሲሸርብ ይውላል። ያን ወንበር ያስጠጋው ማን ነው? እሷ ናት ወይስ እሱ? መኪናው ውስጥስ የኋላ ወንበር ላይ ምን ይሠራ ነበር?

በስድስተኛው ቀን ታላቅ እህቱ ትዕግሥቷ አለቀ። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አብረው ነው የሚኖሩት፤ እታለም ይላታል።

«ስልኩን ወይ አንሣው ወይ ስጠኝ፤ ጆሮዬ እኮ ደነቆረ!»

የሆነውን ሁሉ ነገራት። ልብስ እያጠፈች ሰምታ ስትጨርስ ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ወንድምዬ፣ እኔ ትምህርቱ የለኝም። ሴት ልጅ ግን ሌላ ወንድ ስትወድ ትሽቀረቀራለች እንጂ ጠረጴዛ ላይ አትደፋም።»

«በዓይኔ አየሁ ስልሽ!»

«ያየኸው እጁን ነው። ፊቷን አየኸው?»

አላየውም ነበር። ፎጣውን አንሥቶ ሊታጠብ ገባ። ውሃው ሲፈስ ስልኩ እንደገና ጠራ፤ በዚህኛው ጊዜ እታለም አነሣችው። ከወዲያ በኩል ያለው እሱ የፈራው ለስላሳ የወንድ ድምፅ አልነበረም። የሴት ድምፅ ነው፤ ውሃ ልክ የት እንዳለ ትጠይቃለች። እታለም የሚሠራበትን ሕንፃ፣ ፎቁን ሳይቀር ነገረቻት።

*

በሰባተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ደረጃው ላይ የሴት ጫማ ድምፅ ተሰማ። የመዶሻው ሁሉ ጩኸት ተራ በተራ ቆመ። ውሃ ልክ ከተንበረከከበት ቀና ሲል ዶክተሯ መስተዋት ያልገባለት መስኮት አጠገብ ቆማለች። ጫማዋ አቧራ ውጦታል። በደረቷ ትልቅ ቡናማ ፖስታ አቅፋለች።

«ሦስተኛ ፎቅ ነው ብለውኝ ቆጠራው ጠፍቶብኝ አራተኛ ድረስ ወጣሁ» አለች እያለከለከች።

ጓደኛው የልስን ማንኪያውን ይዞ ሹልክ ብሎ ወጣ። ሁለቱ ቀሩ።

«ምን ላግዝዎት፣ ዶክተር?» አለ ውሃ ልክ።

ፊቷ ተለዋወጠ። «አንቱ አልከኝ?»

«ከእርስዎ ነው የተማርኩት። እናትዎ ፊት።»

«ይገባኛል» አለች ቆይታ። «ፈርቼ ነው። ጥናቱን የሚቆጣጠረው ኮሚቴ ውስጥ የአባቴ ጓደኞች አሉ። እናቴ አንድ ነገር ካወቀች በማግሥቱ ሁሉም ያውቀዋል። ፈራሁና አንቱ ብዬ ሸሸኹህ። አላሳምረውም፤ ይኸው ነው።»

«መፍራትሽን ትቼዋለሁ።» ሳያስበው ከአንቱታው ወደ አንቺ ተመለሰ። «እሱ ይነግረዋል ተባብላችሁ አልነበር? ምነው ራሱ ቀረ?»

«ማ?» አለችና ወዲያው ገባት። «በሩ ላይ ነበርክ!»

«ነበርኩ። እጁ ትከሻሽ ላይ ሲያርፍ ነበርኩ። ሳታነሺው ስትቀሪም ነበርኩ። ልትተዪኝ ከሆነ በገዛ አፍሽ ተዪኝ። በሰው አፍ አትተዪኝ!»

ዓይኗ ውስጥ መጀመሪያ መደንገጥ፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር፣ ቁጣ የሚመስል ነገር ነደደ። «ሰባት ቀን!» አለች። «ሰባት ቀን ሙሉ ሌላ ሰው ወደደች ብለህ ተቀመጥክ? ና ወደዚህ። ና ወደ ብርሃኑ!»

ከፖስታው አንድ ትልቅ ፊልም አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋችው።

«ይኼ የሰው ጭን ነው፤ መሀሉ ላይ ተቆርጦ ከላይ ቢታይ እንዲህ ነው። ጥቁሩ ጡንቻ ነው። ነጩ ስብ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ነጭ ከቆዳ ሥር ያለው ነው፤ ስስ ነው፤ ሰውየው ቀጭን ስለሆነ። አሁን መሀሉን እየው።»

ውሃ ልክ በሥራው ዓይን አየ። በጥቁሮቹ መሀል ነጭ መስመሮች ይሄዳሉ። «ፉጋው ሰፍቷል» አለ ሳያስበው፤ በሴራሚክና በሴራሚክ መሀል ያለውን ክፍተት እነሱ እንደዚያ ነው የሚሉት። ጠጋ አለ። «መሀል ለመሀል ብቻም አይደለም። ጥቁሩ ውስጥ ራሱ ገብቷል፤ ተበትኗል።»

«አዎ።»

«ያሳዝናል። የማን ነው?»

አውራ ጣቷን ከፊልሙ ጠርዝ አነሣች። ያን ጊዜ ነው ከጥጉ ላይ የተጻፈችውን ቁጥር ያያት። አሥራ ሰባት።

ከታች መንገድ ላይ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። በላይኛው ፎቅ ደግሞ አንድ ሰው እያፏጨ አለፈ።

«ምስሉን ስናነብ ስምም ቁጥርም ይሸፈናል» አለች ዶክተሯ። ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፤ ካቆመች የማትጨርሰው ይመስላል። «እንዳናዳላ ነው። የመጨረሻው ፖስታ ሳይላክልህ በፊት ይኼ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ደስ አለኝ። ትሰማኛለህ? ደስ አለኝ! ሁለት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ምስል ነው። ከውጭ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን እንዲህ። ‹አገኘነው!› ብዬ ከወንበሬ ዘለልኩ፤ አጨበጨብኩ። ከዚያ ከደሙ ውጤት ጋር ለማያያዝ ቁጥሩ ሲገለጥ አንተ ነህ። ባንተ ላይ ነው ያጨበጨብኩት! ከዚያ በኋላ በየትኛው እጄ ልጻፍልህ?»

ውሃ ልክ የሲሚንቶ ባልዲው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እናቱ በጠራራ ፀሐይ ግድግዳ እየዳበሰች በር ስትፈልግ ታየችው።

«ስኳር ይዞኛል ማለት ነው?»

«አልያዘህም። ምስል ብቻውን በሽታ አይባልም። የደምህ ስኳር ግን ጤናማ ከሚባለው ከፍ ብሏል፤ በሽታ ከሚባለው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ጠርዙ ላይ ነህ። ከጠርዝ መመለስ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ተመልሷል። ሐሙስ ሳትበላ ና የተባልከው ደምህ እንዲደገም ነበር። አንተ ግን ጥለህ ሄድክ።»

ቀና ሲል የጠየቀው ግን እሷ የጠበቀችው አልነበረም።

«ያጨበጨብሽው እሱ ፊት ነው?»

«አዎ።»

«ቁጥሩ ተገልጦ ያለቀሽውስ?»

«እሱም ፊቱ ነው» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ልንገርሽ» አለ ውሃ ልክ። «ያሳፍራል፤ ግን ልንገርሽ። እናቴን የበላት ነገር ደጄ ቆሟል እያልሽኝ ነው። እኔ ደግሞ የማስበው ሌላ ነው። ያ ሰው ከኔ በፊት አየኝ። እኔ ራሴ የማላውቀውን ውስጤን እሱ አየ። ደስ ሲልሽ አጠገብሽ ነበር፤ ስታለቅሽ አጠገብሽ ነበር። እኔ የት ነበርኩ? እዚህ ጎንብሼ ሴራሚክ እደረድር ነበር።» ተነሥቶ ቆመ። «ከእንግዲህ ብትስቂብኝም፣ ብታለቅሽልኝም፣ እኔ ፊት ይሁን። ብትቀብሪኝ እንኳ ለሌላ ሰው አትንገሪ፤ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ!»

ሳቅም ልቅሶም የሆነ ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ። ከዚያ የተገደበው ፈረሰ። ቆማ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ እሱ እያያት አለቀሰች። ሊይዛት እጁን ዘረጋና ሲሚንቶውን አይቶ መለሰው። እሷ ግን እጁን ይዛ ጉንጯ ላይ አኖረችው። ዐመድማ ምልክት ቀረባት፤ ልትጠርገውም አልፈለገች።

«ከትናንት ወዲያ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ» አለች ሲቀላት። «ይኼን ሰው እወደዋለሁ፣ ዳኛም ሐኪምም ልሆንለት አልችልም አልኩ። ከጥናቱ ወጥተሃል። እኔም ዋና ተመራማሪነቱን ለቅቄያለሁ። የደምህን ነገር የስኳር ክሊኒኩ ይከታተልሃል። ምስልህን የሚያነብልህ ግን እሱ ነው።»

«ማን፣ ሽቶ?»

«ማን አልከው?»

ውሃ ልክ ጆሮው ድረስ ቀላ። ዶክተሯ እንባዋ ሳይደርቅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን አብሯት አልሳቀም። ደስታውና ቅናቱ አንድ ደረት ውስጥ ተጋፍተው አንዱም አላስወጣ አለው።

*

ሦስት ወር አለፈ። ሥራ ላይ በቀን ሦስት ጠርሙስ ይጠጣው የነበረውን ለስላሳ ተወ። ሻዩን ያለ ስኳር ሲጠጣ ፊቱን እያየች እታለም በየቀኑ ትስቃለች። ክሊኒኩ እንዳዘዘው ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት በፈጣን እርምጃ ይሄዳል፤ ካርቶን መሸከም ብቻውን አይበቃም ተብሏልና ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግ ይሠራል። የዶክተሯ እናት አንድ ወር ሙሉ ልጃቸውን አላናገሩም። በሁለተኛው ወር «ለመሆኑ ሰውየው ደህና ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ሌላ አልጨመሩም።

የምርመራው ቀን ደረሰ። ውሃ ልክ ማሽኑ ውስጥ ተጋደመ። በጆሮ ማዳመጫው የሽቶ ድምፅ ይመጣል። «እግርህን አታንቀሳቅስ። ጥሩ ነው። አሁን ትንሽ ይጮሃል።» ከመስተዋቱ ወዲያ የሷ ቦታ ባዶ ነው፤ ሕጉ አይፈቅድላትም። የማሽኑ ኳኳታ ሲጀምር ውሃ ልክ ዓይኑን ጨፈነ። «አሁን ያየኛል» አለ በልቡ። «ክር በክር ያየኛል።»

ሲጨርሱ ሽቶ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠው።

«የደምህ ስኳር ወርዷል፤ ወደ ጤናማው ገብቷል፣ ዳሩ ላይ ቢሆንም። ስቡ ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። ጡንቻ ቶሎ አይለቅም። ከቀጠልክ ይቀንሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ማረጋገጫ ግን ልሰጥህ አልችልም።»

ሰውየው በደንብ ነው ያስረዳው፤ ሳይቸኩል፣ ሳይንቅ። ያ ነው ውሃ ልክን ይበልጥ ያበሳጨው። ክፉ ቢሆንለት ምን ነበረበት!

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ትወዳታለህ?»

ሽቶ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «እወዳታለሁ» አለ። «ከመተዋወቃችሁ በፊት ነግሬያታለሁ። አይሆንም አለችኝ። ያን ቀን ትከሻዋን የያዝኩት ላጽናናት ነው። ያቆየሁት ግን ለራሴ ነው፤ ለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ታዲያ ለምን ታነብልኛለህ? ለሌላ ሰው አትሰጠኝም?»

«ያንተን በደንብ ካላነበብኩ የሷን ፊት ቀና ብዬ ማየት አልችልም» አለ ሽቶ። መነጽሩን መልሶ አጠለቀና ወደ ስክሪኑ ዞረ። ውሃ ልክ በዚያች ቅጽበት ሰውየውን ጠላውም፣ አከበረውም፣ አዘነለትም።

ዶክተሯ ከዋናው በር ውጭ እንደማንኛዋም ጠያቂ አጥሩን ተደግፋ ትጠብቀዋለች። የምሳ ሰዓት ነው፤ ነርሶቹ፣ ጥበቃዎቹ፣ ሕመምተኞቹ፣ ሁሉም በመሀላቸው ይተላለፋል። ፊቱን ስታነበው ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን አለ? ስኳሩ ነው?»

«ስኳሩ ወርዷል። ስቡ አለ።»

ትንፋሿን ለቀቀች። «ታዲያ ምን ሆነሃል?»

መዋሸት ይችል ነበር። «ይወድሻል» አለ። «ራሱ ነገረኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አይሆንም ብዬ የዘጋሁት ነገር ስለሆነ ነው። ግን መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ ብለኸኝ ነበር፤ ልነግርህ ይገባ ነበር።» ዓይኗን አልሰበረችም። «እናቴ ትወደው ነበር። አባቱ ሐኪም፣ እሱ ሐኪም፤ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ቀርቦልኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ለምን እንቢ እንዳልኩ ያን ጊዜ ራሴም አላወቅኩም። ያ ወለል እስኪነጠፍ ድረስ።»

«ቀናሁ» አለ ውሃ ልክ። ቃሉን በአፉ ሲለው የመጀመሪያው ነበር። «ዛሬም ቀናሁ። ሰውየው ጥሩ ሰው ሆኖብኝ ጭምር ቀናሁ። መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም።»

«እኔስ?» አለች ድንገት። «አንተ ብቻ የምትቀና መሰለህ? መዝገብህን ፈርሜ ሳስረክበው ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? አሁን እዚህ አጥር ሥር ቆሜ ምን ሳስብ እንደነበርስ? በዚህች ደቂቃ እሱ ያየዋል እል ነበር። ልቡ ሲመታ፣ ጡንቻው ሲላላ፣ ሁሉን እሱ ያያል። በገዛ እጄ ሰጠሁት። ከእንግዲህ እኔ የማይህ ከውጭ ብቻ ነው፤ እንደማንኛዋም ሴት። በሱ ቀናሁ!»

ውሃ ልክ ሦስት ወር ሙሉ ብቻውን የተሸከመው የመሰለውን ነገር ሌላ ሰው በሌላኛው ጫፍ ይዞት ኖሯል።

«ታዲያ እይኛ» አለ በመጨረሻ። «ከውጭም ቢሆን እይኝ።»

አየችው። በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ሳትቸኩል አየችው፤ ከግንባሩ ጀምራ፣ ቅንድቡ ላይ የቀረችውን የአቧራ ብናኝ፣ ያልተላጨ አገጩን፣ የሸሚዙን የጎደለ ቁልፍ። ማንም ሰው፣ ምንም ማሽን እንዲህ አይቶት አያውቅም። አንገቱ ጋለ። ዓይኑን ሊሰብር ፈለገ፤ ግን አልሰበረም።